ባለቤት ያላቸው ሳጥኖች

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ትከሻሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ እንዳታወርጂ ሐኪሙ እንደከለከለሽ ጽፈሽ ነበር፤ መስማትሽን ግን አልጻፍሽም። ባልሽን ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ከእንቅልፉ ያስነሣዋል? መንትዮቹስ? ዐይኗን ልትመረመር የነበረችው መነጽር ታዘዘላት? ያኛዋ ደግሞ ለእኔም ካልታዘዘ ብላ ሳታስቸግርሽ አልቀረችም፤ አንቺም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርሽ። የቤቱን ሙቀት፣ የሥራሽን ሰዓት፣ የአዲሱን አለቃሽን ዐመል ሳትሰስቺ ጻፊልኝ። «ሁሉ ሰላም ነው» የሚለው መልስሽ አያጠግበኝም።

እኛ አለን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹም ደህና ናቸው። አባባ ግን ከተኛ አምስት ሳምንት ሆነው። ሳንባው ነው። ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን ሲስበው የኖረው ሰጋቱራ ነው አለን። ትንሽም ቢሆን ይበላል። ሰው ይለያል፤ ቀን ግን አይለይም። አንዳንድ ጠዋት መላጊያውን እንዳቀብለው ይጠይቀኛል። ስሰጠው ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክርና «አልተሳለም» ብሎ ይመልስልኛል። እውነቱን ነው፤ ከተሳለ ቆይቷል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልክ ላይ ሁለታችንም ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አይሆንልንም። የምጽፍልሽ አባባ «የኔ ነው» ይለው ስለነበረው ሳጥን ነው። ከሱቃችን ወጥቷል፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደወጣና አሁን የት እንዳለ ከሥሩ ልንገርሽ፤ ከዚያ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መንገዳችንን ዛሬ ብታዪው አታውቂውም። ከአራት ዓመት በፊት ጥጉ ላይ የነበረውን የቆዳ መጋዘን አንድ ሰው ተከራየው። ጢሙ እስከ ደረቱ ይወርዳል፤ ሰፈሩ በሳምንቱ ጢሞ ብሎ ሰየመው፣ እሱም ወደደው። ትልልቅ የብረት ጋኖች አስገባ፣ ቧንቧ ዘረጋ፣ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ክራፍት ቢራ ይሉታል፤ ከትልቅ ፋብሪካ የማይመጣ፣ በትንሽ በትንሹ እዚያው የሚጠመቅ ነው። አንዱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል፣ አንዱ ጭስ ጭስ ይላል፣ አንዱ ኮምጣጣ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው የኮመጠጠው። መጀመሪያ ስቀን ነበር። ጎማ ጠጋኙ አንድ ጊዜ ቀመሰና «ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ የሚቀቡት?» ብሎ ብርጭቆውን መለሰ።

ከዚያ ሰው መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፉ ከጥጉ ተነሥቶ በእኛ በር ያልፍና ዳቦ ቤቱ ጋ ይደርሳል። ብርጭቆውን ሳይቀምሱት ፎቶ ያነሡታል። ወሩ ሳይሞላ ስለ መንገዳችን በጋዜጣ ተጻፈ፤ «እውነተኛ ሰፈር» ተባልን። ሁለተኛ ቢራ ቤት ተከፈተ፣ ሦስተኛም። አከራዮቹ ነቁ። ጫማ ሰፊው ወጣ፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ከመውጣቱ በፊት ሞተ፤ ሳጥኑን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ቦታቸውን የያዙት ቢራ ቤቶች የድሮውን ታፔላ አላወረዱትም። እንዲያውም አድሰው፣ መብራት አድርገውለት መልሰው ሰቀሉት። ዛሬ ወጣቶቹ «ጫማ ሰፊው ጋ እንገናኝ» ሲባባሉ ቢራ ለመጠጣት ነው። የእኔ ጫማ ሶሉ የለቀቀ ቀን እግሬ በልማድ ወሰደኝና ጫማዬን በፌስታል ይዤ እዚያ በር ላይ ቆምኩ። አስተናጋጁ መጥቶ ስንት ሰው እንደሆንን ጠየቀኝ።

የእኛ ሥራ ደግሞ ለብቻው ነው። ጫማው የተቀደደበት ሰው ሰልፍ ጥሶም ይገባል። ሰው የሞተበት ግን በር ላይ የሚሳሳቅ ካየ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ አባቷ የሞተባት ልጅ የአባቷን ቁመት በሲባጎ ለክታ፣ ጫፉን ቋጥራ፣ በእጇ ይዛ መጣች። ሰልፉን ስታይ የእኛ መስሏት መጨረሻው ላይ ቆመች። አርባ ደቂቃ ያህል ከሰዎቹ ጋር ወደ ፊት ስትራመድ ቆይታ፣ የቢራ ማዘዣው ጋ ስትደርስ ነው የነገሯት። እኔ ጋ ስትገባ ሲባጎው እጇ ላይ ተጠቅልሎ ጣቷን አጥቁሮት ነበር። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። አንዱ ለፎቶ ብሎ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ሲል መዶሻ ይዤ ብወጣ ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ። ክፉዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የፊት ለፊቱን ክፍል መያዝ አቃተን። ጢሞ ለአዲስ ቢራ ቤት ወሰደው። እኛ ጓሮው ቀረልን፤ መሀሉ በስስ ግድግዳ ተከፈለ። ሲያፈሉ የብቅሉ ሽታ ዘልቆ ይገባል፤ ጣውላው ሳይቀር እሱን እሱን ይሸታል። ከግድግዳው ወዲያ ይሳቃል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፤ ከወዲህ እኔ ሚስማር እመታለሁ። አንዳንዴ ስመታ ወዲያ ማዶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከሳቃቸው ይልቅ ይከብደኛል። እጄን አየር ላይ አንሥቼ እስኪቀጥሉ የምጠብቅበት ጊዜ አለ። ጢሞ በትሕትና መጥቶ ከአሥር ሰዓት በኋላ መዶሻ እንድተው ለመነኝ፤ ተውኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የአባባን አሠራር ታውቂያለሽ። ቤተሰብ የሌላቸው ሰዎች በቁማቸው ይመጡ ነበር፤ ለክቷቸው ሳጥናቸውን ይሠራና ቀኑ እስኪደርስ ሱቃችን ውስጥ ያቆይላቸዋል። ስም አይጽፍም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ሳጥን ላይ ከተጻፈ መጥራት ነው ይላል። ምልክቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚሸጥ ሳጥን ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ይቆማል፣ ባለቤት ያለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለቤት ያለውን ሳጥን ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ንቅንቅ አያደርገውም፤ ሥሩን ለመጥረግ እንኳ።

እኔ ነቀነቅኩት። አባባ መጀመሪያ ሐኪም ቤት በተኛበት ሳምንት የጓሮውን ግድግዳ ኖራ ላስቀባ ቀለም ቀቢ አስገባሁ። አሥራ አንዱን ሳጥን ወደ መሀል አወጣን። ኖራው ሲደርቅ እኔና ቀለም ቀቢው ተጋግዘን መለስናቸው፤ ቦታ ይቆጥባል ብዬ ሁሉንም ፊታቸውን ወደ እኛ አዞርኳቸው። ያደረግሁት የገባኝ በማግሥቱ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ አሥራ አንዱም ትክ ብለው አዩኝ። የቱ ዞሮ እንደነበር፣ ስንቱ ዞሮ እንደነበር አላውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ሠርቻለሁ።

አባባ ሲመለስ ይነግረኛል አልኩ። ሲመለስ ግን የዛሬውን ከትናንት የማይለይ ሆኖ ነበር። «አባባ፣ ከእነዚህ ባለቤት ያላቸው የትኞቹ ናቸው?» ብለው «ባለቤት የሌለው ሳጥን አለ እንዴ?» አለኝ። የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ወሰድኩት።

ያን ሰሞን ነው ጢሞ ለቢራ ቤቱ ሳጥኖች ልግዛ ብሎ የመጣው። ያረጀ እንጨት ነፍሱ ነው። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የተላጠውን ቀለም ሁሉ እንዳለ ነው የሚፈልገው። አዳዲስ ሳጥን ልሥራልህ ብለው አይሆንም አለ፤ የቆየ፣ ታሪክ ያለው ነው የሚሻው። ሱቁ ሊዘጋ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከመጡት ሰዎች መካከልም ሳጥኔስ ያለኝ የለም። ሁሉም ረስተውታል፣ ወይም ሞተው ሌላ ቦታ ተቀብረዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የአባባ ነው ብዬ ያሰብኩትን ጠቆር ያለውንና ሌላ አንድ አዲስ አስቀርቼ ዘጠኙን ሰጠሁት።

ምን እንዳደረገባቸው ልንገርሽ። ክዳናቸውን አነሣ፣ ገበራቸውን ነቀለ፣ የብረት እግር አበጀላቸው። ውስጣቸውን በብቅል እህል እስከ አፋቸው ሞላና መስታወት ከደነባቸው። ጠረጴዛ ሆኑ። ቤቱን «ሳጥን ቤት» አለው። የሚሸጠውን ጠቆር ያለ ቢራ «የመጨረሻው» ብሎ ሰየመው፤ ሰዎቹ «አንድ የመጨረሻው» ብለው ያዝዛሉ፣ ደግሞ ሌላ አንድ ይደግማሉ። ቦታ ለማግኘት ከሳምንት በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ታላቋ ልጄም እዚያ ተቀጠረች፤ ትምህርት ጨርሳ ሌላ ሥራ አላገኘችም። ጢሞ ጥሩ አለቃ ነው ትለኛለች። ጎማ ጠጋኙም ቢራውን ለምዶት በየሁለት ቀኑ እዚያ ነው።

ባለፈው ወር መጨረሻ ልብስ ሰፊዋ መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፣ የትምህርት ቤት ቀሚስሽን የሰፉልሽ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ መርፌ ግን ዛሬም ያለ መነጽር ክር ያስገባሉ። ለካ እሳቸውም ሳጥን ነበራቸው። ገበሩን ራሳቸው ናቸው የሰፉት፤ ሰማያዊ፣ ዳሩ በእጅ የተዘመዘመ። በለመዱት በር፣ በፊት ለፊቱ ገቡ። ልጄ ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። አሮጊቷ ቆመው የምትወለውልበትን ጨርቅ አዩት። ጢሞ የነቀለውን ገበር ለጽዳት አድርጎት ኖሯል። ልጄ እንደነገረችኝ፣ ተጠግተው ከእጇ ወሰዱት፣ ገልብጠው ስፌቱን አዩት፣ ውሃውን ጨምቀው አጣጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በጓሮ በኩል ዞረው እኔ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ ለአባትህ አደራ የሰጠሁት ቤቴን ነበር» አሉኝ። «ቤቴን ለመጠጥ ቤት አከራየኸው?» አላወቅሁም አልኳቸው። «አውቄ ነው ብትለኝ ይሻል ነበር፤ ካላወቅህ ሱቅ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አሉ። ውሃ ስጠኝ አሉ፤ ጠጡና ሄዱ።

በዚያው ሳምንት አባባ ተኝቶ ሳለ ሳጥኑን ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እሑድ ስለነበር ጎረቤት ጠርቼ ጠቆር ያለውን ተሸክመን ክፍሉ ድረስ አመጣንለት። እጁን ዘርግቶ ከታች በኩል የማዕዘኑን ውስጥ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ብዙም አልቆየም። «ይሄ የሚሸጥ ነው» አለ። «ያንን የት አደረስከው?» ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር፤ ቀኑን የሳተ ሰው ድምፅ አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ኖራውን፣ ቀለም ቀቢውን፣ ጢሞን፣ ብቅሉን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር። «በምን ታውቃቸዋለህ ታዲያ?» ብቻ አለ። አላውቃቸውም አልኩት። «እንግዲያው ውሰደኝ» አለኝ።

ወደ ጢሞ ሄድኩ። ከጠረጴዛዎቹ የአንዳንዶቹ ባለቤቶች በሕይወት አሉ ስለው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «በሕይወት?» አለኝ፣ የሞቱ ቢሆኑ የሚሻለው ይመስል። የፈለግነውን ሁሉ እንድንወስድ ነገረኝ። ወሬው ግን በሠራተኞቹ በኩል ወጣ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሰልፉ እጥፍ ሆነ። በሕይወት ያለ ሰው ሳጥን ላይ መጠጣት የሚፈልግ እንዲህ ብዙ መሆኑን እኔም ጢሞም አልጠበቅንም። ጎማ ጠጋኙ ለካ እሱም ሳጥን ነበረው፤ ይህን ሲነግራቸው አቁመው ፎቶ አነሡት። እሱም እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ተነሣ።

አባባን የወሰድነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት ነው። በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ልጄ ደግፈነው። በጓሮ ወጥተን ሕንፃውን ዞረን በፊት በር ለመግባት ሦስት ጊዜ አረፈ። ልብስ ሰፊዋና ጎማ ጠጋኙ ቀድመውን መጥተዋል። ጢሞ በሩን ይዞ ቆሟል። መጋዞቹ ይሰቀሉበት የነበረው ሚስማር ላይ አሁን ብርጭቆ ተሰቅሏል። አባባ ያን ሁሉ ዓመት የቆመበትን ቦታ ዞር ብሎም አላየው። ጠረጴዛዎቹን ነው ያየው።

አንድ በአንድ ሄደባቸው። በያንዳንዱ አጠገብ ጎንበስ ይልና ከታች የማዕዘኑን ውስጥ ይዳስሳል። ለካ ባለቤት ላለው ሳጥን እዚያ በቢላ ጭረት ያደርግ ኖሯል፤ ለያንዳንዱ ሰው ሌላ ሌላ። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አለፋቸው። ሦስተኛው ላይ «የጎማ ጠጋኙ» አለ። «ወፍራም ነህ ብዬ ሁለት ጣት ጨምሬልሃለሁ።» ጎማ ጠጋኙ ዘንድሮ ከስቻለሁ ሊል ሲጀምር «ልክ ላይ አትከራከረኝ» ብሎ አስቆመው። ሰውየው ስድስት ወር ሙሉ የጠጣው እዚያው የራሱ ላይ ነው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበትና ኮፍያውን አወለቀ። ቀጥሎ «ይሄ የእርስዎ» አላቸው ልብስ ሰፊዋን። እሳቸውም መስታወቱ ላይ መዳፋቸውን አድርገው በሥሩ ያለውን እህል ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሞልተውልኛል» አሉ።

መስኮቱ አጠገብ ያለውን ሲነካ «የአስተማሪዋ» አለ። «ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ያቺ የሰፈራችን አስተማሪ ባለፈው ክረምት ሞታለች። ከሌላ ሰፈር በተገዛ ሳጥን ነው የተቀበረችው፤ እኛ ጋ የራሷ እንደነበራት ማንም አላወቀም። እኔ ቀብሯ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሳጥኑ እንደሚጠብባት አይቼ ማን ይሆን እንዲህ የሠራው ብዬ ታዝቤያለሁ። እሷ አፈር ውስጥ በሌላ ሰው ልክ ስትገባ የእሷ ላይ ሰዎች ይጠጡ ነበር። አሁን በዚያ መስኮት በኩል ሳልፍ ዐይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ዐይኔን ባዞርም እዚያ ተቀምጣ ታየኛለች፤ የደብተር እርማት እንደምትሠራ ሰው አጎንብሳለች።

የመጨረሻው፣ ከቢራው ጋኖች ሥር ጥግ ላይ ያለው ነበር። የልጄ ሽርጥና ቁልፎች ተቀምጠውበታል። አባባ ጭረቱን አልፈለገም፤ ሳይዳስሰው እጁን ዘርግቶ ጫፉ ላይ አሳረፈ። «ይኸው» አለ። ያንተ ነው አባባ? አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ዐይኔ ለካው። አናጢ ነኝ። አባታችን ረጅም ሰው ነው፤ ያ ሳጥን ከትከሻው አያልፍም። ሃያ ሦስት ዓመት ፊቱን አዙሮ ሲቆም አንድ ቀን በዐይኔ አልለካሁትም። «አይበቃህም» አልኩት። «ለኔ ማን አለህ?» አለኝ።

የአንቺ ነው እትዬ። የሄድሽ ዓመት የሠራው። በአራተኛው ወር የጫናችሁ መኪና ተገልብጦ የተረፈ የለም የተባለ ጊዜ። ደብዳቤሽ እስኪመጣ አሥራ አንድ ወር እንደፈጀ አንቺም ታውቂያለሽ። እናታችን እንዳታይ በምሳ ሰዓት በምሳ ሰዓት እየሠራ፣ ሰው ሲገባ ጨርቅ እየጣለበት ጨረሰው። ሬሳዋ ከመጣ ሌላ ሰው በሠራው ውስጥ አላስተኛትም ብሎ ነው። ቁመትሽን ከየት አመጣህ ብለው የጓዳው በር መቃን ላይ ቆመሽ ከምትለኪበት መስመር ነው አለ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ሊሰነጥቀው መጋዝ አንሥቶ ነበር። «የሷ ልክ ነው፤ የትኛው ጋ ልጀምር?» አለኝ። ስላልቻለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ለጠየቀው ሁሉ የኔ ነው ይል ጀመር። እናታችን እስክትሞት አልነገራትም። እሷ ታውቅ እንደነበረ ግን እጠረጥራለሁ፤ በዚያ በኩል ስትጠርግ ዘላው ታልፍ ነበር።

ልጄ ሽርጧንና ቁልፎቿን ቀስ ብላ አነሣች። ስንቴ እዚያ ላይ ተደግፋ ምሳ እንደበላች በኋላ ነገረችኝ። ጢሞ ዛሬውኑ ውሰዱት አለ። እኔም ልናነሣው በአንድ ጫፍ ያዝኩ። አባባ እጄን መታኝ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። «ባለቤቷ አለች» አለ። «አንድ ጊዜ ሳትጠይቅ አንሥተሃል፤ አልበቃህም? ጻፍላት።»

የልብስ ሰፊዋን ጭነን ወሰድንላቸው፤ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ቆሟል፣ ገበሩንም ታጥቦ መልሰው ሰፍተውታል። ለእኔ ግን ሰላምታቸው ገና አልተመለሰም። ጎማ ጠጋኙ የራሱን እዚያው ይቆይ አለ፤ ጓደኞቹ ያዩታል። የአስተማሪዋን አባባ ሳይሰማ አፍርሼ ለምን እንደማውለው ሳላውቅ ጣውላውን ደርድሬዋለሁ። ያንቺው እዚያው ጥግ ላይ አለ። ጢሞ በራሱ ፈቃድ ብቅሉን አወጣለት፣ ወንበሮቹን አነሣ፣ ላዩ ላይ «ተይዟል» የሚል ወረቀት አደረገ። ቤቱ ጢም ሲል ቆመው የሚጠጡት ማን ይመጣል ብለው ይጠይቃሉ። ልጄ አክስቴ ትላቸዋለች። ሲጠብቁ አምሽተው ሳያዩሽ ይሄዳሉ።

አባባ ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋው አልወረደም። ሐኪሙ ትናንት መጥቶ ነበር፤ ስለ ጊዜው አንድም ነገር ሳይል መሣሪያውን ሰበሰበ። ለራሱ የተሠራ ምንም እንደሌለው አሁን አውቀናል፤ ስለዚህ ልለካው ሜትር ይዤ ገባሁ። አይሆንም አለኝ። የልጄ ሳይለይ የኔ አይጀመርም፣ ሁለት ሳጥን ከአንድ ቤት በአንድ ጊዜ አይቆምም አለ። ዐይኑ ሲጨፈን ልለካው ብሞክር ነቅቶ እጄን ያዘው። በግምት እንዳልሠራ ደግሞ፣ በግምት የተሠራ ውስጥ ሰው ሲገባ አይቻለሁ።

እና እንደ ደንበኛ እየጠየቅሁሽ ነው። ሳጥንሽን ምን እናድርገው? ልናመጣውና ሊቆይልሽ ይችላል። ጠረጴዛ ሆኖ ይኑር ማለት ትችያለሽ። አፍርሱት ካልሽም አፈርሰዋለሁ፤ ጣውላው ዛሬም ጤነኛ ነው። የእኔን ሐሳብ አትጠይቂኝ፤ በዚህ ነገር ሐሳብ የመስጠት ፊት የለኝም። መልስሽ አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃል፤ በራስሽ እጅ ጽሑፍ ይሁን እንጂ። እኔ ባነብለት አያምነኝም። ራሱ ሊያየው ይፈልጋል፤ የእጅሽን አጣጣል ዛሬም ይለየዋል። እንዳትቆዪ።

ባለቤቴ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለትከሻሽ ቅባት ልላክላት ወይ ብላለች። ታላቋ ልጄ አክስቴን ሰላም በልልኝ ስትል ድምፅዋ ቀጭን ሆነብኝ። ትንሹ የላክሽለት ጫማ ልክ እንደሆነው ንገራት ብሏል፤ ልክ አይደለም፣ ይጠበዋል፣ ግን አያወልቀውም። ለባልሽ ከልብ ሰላምታዬን አድርሺ። መንትዮቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ማን ቀደመ እንዳይባል ተጠንቀቂ። አባባ ደግሞ አሁን ምን ያህል እንደወፈርሽ ጠይቃት ብሎኛል። ያኔ የለካሽ በቀጭንነትሽ ስለሆነ ሳይጠብሽ አይቀርም ይላል።

ወንድምሽ

ከጓሮው ክፍል፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን